የአካባቢ ሕግ ተማሪ በመድኃኒት ንጽጽር ጥናት ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ የሕግ ትምህርትዎ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሰዋል፤ የመመረቂያ ጥናትዎንም በአካባቢ ሕግ ላይ ለመሥራት ወስነዋል። በዚህ መካከል የፋርማሲ ተማሪ የሆኑ ጓደኛዎ፣ ለአንድ ሕመም የሚታዘዙ ሁለት መድኃኒቶችን በሚያነጻጽር የተማሪዎች ጥናት ውስጥ እንዲገቡ ጋብዘዎታል። የጠየቁኝም ሁለት ነገር ነው፤ ከሙያዎ ውጭ በሆነ ጥናት መሳተፍዎ ነገ ሥራ ሲፈልጉ አቅጣጫዎ ያልለየለት ሰው ያስመስልዎት እንደሆነና፣ በተማሪነት የሚሠራ ጥናት ከመደርደሪያ አልፎ የሚጠቅም ነገር እንዳለው።

መልሱ አጭር ስለሆነ በሁለተኛው ልጀምር። በ2019 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ 27 የሕግ ተማሪዎች፣ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥን በተመለከተ ያለባቸውን ግዴታ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንዲያብራራ ይጠየቅ የሚል ሐሳብ አነሡ። ሐሳቡን የቫኑዋቱ መንግሥት ተቀብሎ አራመደው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመጋቢት 2023 ያለ ድምፅ ልዩነት አጸደቀው፤ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 2025 የምክር አስተያየቱን ሰጠ። የሁሉም ተማሪ ሥራ እዚያ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄያቸው አንድ ብቻ እንደነበረ፣ መልስ እንዲሰጥ የሚጠየቀው አካልም ከመነሻው ተለይቶ የታወቀ እንደነበረ ልብ ይበሉ። የእርስዎ ጥናት እነዚህን ሁለት ነገሮች ካሟላ የሚያነበው ሰው አያጣም።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ግብዣውን ቢቀበሉ ደስ ይለኛል፤ ይህን የምለው ግን ጥናቱ በእርግጥ የሕግ ሰው የሚያስፈልገው ሲሆን ብቻ ነው። ጓደኛዎ የሚፈልጉት ጽሑፍ የሚያርምላቸው ሰው ከሆነ ይቅርብዎ፤ ጊዜዎን ለመመረቂያ ጥናትዎ ይቆጥቡት። ሁለቱ ሙያዎች በእውነት ሲገናኙ ምን ሊወጣቸው እንደሚችል ለማየት ደግሞ የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን ጉዳይ በጥሞና ቢያጠኑት እመክራለሁ።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሳዎች በብዛት ማለቅ ጀመሩ፤ ቁጥሩ ከ95 በመቶ በላይ የቀነሰ ዝርያም ነበር። በ2004 የታተመ ጥናት መንስኤው ለከብቶች ማስታገሻነት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ መሆኑን አሳየ፤ መድኃኒቱን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ የሞተ ከብት ሥጋ የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ይሞታል። ሕግ አውጪው ግን መድኃኒቱን ከልክሎ ብቻ ሊተው አይችልም፤ የታመመ ከብት ያለው ሰው በምትኩ የሚሰጠው ነገር ሊኖር ይገባል። ይህን የመለሰው የመድኃኒት ንጽጽር ነው። ሜሎክሲካም የተባለው ማስታገሻ ለከብቱ የሚሠራ፣ ጥንብ አንሳውንም የማይጎዳ ሆኖ በሙከራ ስለተገኘ፣ ሦስቱም አገሮች በ2006 በእንስሳት ዳይክሎፌናክ ላይ ክልከላ ጣሉ።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለሰው የሚመረተው ዳይክሎፌናክ በትልልቅ ብልቃጥ መሸጡን ስለቀጠለ መድኃኒቱ ወደ ከብት ሕክምና መሻገሩ አልቆመም፤ ስለዚህም ሕንድ በ2015 ለሰው የሚሆነው መርፌ ከ3 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ የአንድ ጊዜ ብልቃጥ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘች። አሴክሎፌናክ የተባለው ሌላ ማስታገሻም በከብቱ ሰውነት ውስጥ ወደ ዳይክሎፌናክ ስለሚለወጥ፣ የክልከላውን ቃል ሳይጥስ ዓላማውን ያፈርስ ነበር፤ እርሱና ኬቶፕሮፌን የተባለው ሌላ ማስታገሻ በሕንድ ለእንስሳት እንዳይሰጡ የተከለከሉት በ2023 ነው። የብልቃጡ መጠን የሕግ ጥያቄ መሆኑን የሚያየው የሕግ ሰው ነው፤ አሴክሎፌናክ ወደ ምን እንደሚለወጥ የሚነግረው ግን ፋርማሲስቱ ነው። የእርስዎና የጓደኛዎ የጋራ ጥናት እንዲህ ያለ መገናኛ ካለው፣ አቅጣጫዎ አልለየም የሚል ቀጣሪ አይኖርም።

እንዲህ ያለ መገናኛ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2001 የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው የአውሮፓ ኅብረት የሰው መድኃኒት መመሪያ፣ አንድ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው አደጋ እንዲገመገም ያዛል፤ የግምገማው ውጤት ግን ፈቃድ ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን ይደነግጋል። ለእንስሳት መድኃኒት ደግሞ ያው አደጋ ከጥቅሙ ጋር ተመዝኖ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል። በእኔ እይታ ይህ ልዩነት ለአንድ የመመረቂያ ጥናት ከበቂ በላይ ነው። በፈውስ አቅማቸው እኩል ከሆኑት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ወንዝ ውስጥ ቶሎ የማይፈርስ ቢሆን፣ ሕጉ ሐኪሙን ወይም ፈቃድ ሰጪውን ምን እንዲያደርግ ይፈቅድለታል? ጓደኛዎ እኩልነቱን ይመርምሩ፤ እርስዎ የሕጉን ወሰን ይመርምሩ።

እኩልነትን መመርመር ግን ቀላል እንዳይመስልዎት። በ2002 ውጤቱ የታተመው ታላቅ የደም ግፊት መድኃኒቶች ንጽጽር ከ33,000 በላይ ታካሚዎችን አሳትፎ፣ አዳዲሶቹ አምሎዲፒንና ሊሲኖፕሪል ዋነኛ በተባለው ውጤት፣ ማለትም ለሞት የሚያበቃ የልብ ሕመምንና ለሞት የማያበቃ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን በመከላከል፣ ከአሮጌውና ርካሹ ክሎርታሊዶን እንደማይበልጡ አሳይቷል። ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ሊያካሂድ አይችልም፤ ሊያካሂድም አይገባውም። የሚችለው የታተሙ ሙከራዎችን አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት መርጦ መገምገም ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ መድኃኒቶች ፊት ለፊት የተነጻጸሩ መሆናቸውን ይጠይቁ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከማስመሰያ እንክብል ጋር የተነጻጸሩ ከሆነ፣ ታካሚዎቹም ጊዜያቱም ስለሚለያዩ አንዱ ከሌላው ይሻላል ለማለት ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ልማድ ለሕግ ንጽጽርም ይጠቅምዎታል፤ የሁለት አገሮች ድንጋጌ በቃል አንድ መሆኑ በአፈጻጸም አንድ መሆኑን አያሳይም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና የቁጥጥር ሪፖርቶችን ሳያነብቡ ‹‹ተመሳሳይ ናቸው›› ብለው አይጻፉ።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ያለውን ሰው የሚፈልጉት የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣናት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያዘጋጁ አማካሪ ድርጅቶችና የመድኃኒት አምራቾች የሕግ ክፍሎች ናቸው። በሲቪዎ ላይ ‹‹በጥናት ተሳትፌያለሁ›› ማለት ምንም አይነግራቸውም። የጥናቱን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የእርስዎን ድርሻ በሌላ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ በቃለ መጠይቅ የሚጠየቁትም ይህንኑ ነው።

ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ከጓደኛዎና ከሁለቱም አማካሪ መምህራን ጋር ተቀምጠው፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚጽፍና ስሞች በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጡ በጽሑፍ ይስማሙ። የሕግ ክፍሉ ለመመረቂያ ጥናትዎ የሚያገለግል መሆን አለመሆኑንም የትምህርት ክፍልዎን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች በጋራ የተሠራን ምዕራፍ አይቀበሉም። ቡድኑ ከታተሙ ሙከራዎች አልፎ የታካሚዎችን ካርድ ለማየት ካሰበ ደግሞ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በእጃችሁ ሳይገባ አንድም ካርድ እንዳይከፈት እርስዎ ራስዎ ይቆጣጠሩ፤ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው የሕግ ሰው እርስዎ ነዎትና።