ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል

የደረሰኝ ደብዳቤ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«የቢዝነስ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚህ በፊት ሌላ ትምህርት ክፍል ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው የቀየርኩት። ቃላቱን ሁሉ ሸምድጃለሁ፤ ትርጉማቸውን ቢጠይቁኝ አልሳሳትም። ፈተና ላይ ‹አንድ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ› የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እጄ ይታሰራል። ወንድሜ ቲሸርት ላይ እያተመ ይሸጣል። ገበያው ጥሩ ነው፣ እጁ ላይ ግን ገንዘብ የለም። ‹አንቺ ቢዝነስ አይደል የምትማሪው? ችግሬ ምንድን ነው?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። በዚህ መሀል የሙሉ ጊዜ የሽያጭ ሥራ አገኘሁ። ትምህርቱን ትቼ ልግባ? ወይስ መጀመሪያውኑ ሙያው የእኔ አይደለም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሙያው ያንቺ አይደለም የሚያሰኝ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ያየሁት ቃላቱን በመልስነት የያዘች ተማሪ ነው። «ትርፍ ማለት ከገቢ ላይ ወጪ ሲቀነስ የሚቀረው ነው» ብለሽ ታቆሚያለሽ። ቃሉን ወደ ጥያቄ ለውጪው፦ ከአንዱ ሽያጭ ምን ያህል ይቀራል? የቀረውስ መቼ እጅ ይገባል? አሁን በእነዚህ ጥያቄዎች የወንድምሽን ሥራ እንየው።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ ቲሸርት በ100 ይሸጣል እንበል። ባዶው ቲሸርትና ቀለሙ 60 ይፈጃሉ። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ነው፤ ባተመ ቁጥር ይጨምራል፣ ካላተመ የለም። የቤት ኪራዩና የማሽኑ ክፍያ ደግሞ በወር 8,000 ነው። አንድም ቲሸርት ባይሸጥ ይከፈላል፣ ስለዚህ ቋሚ ወጪ ነው። ከእያንዳንዱ ቲሸርት 40 ይተርፈዋል። ግን ይህ 40 ገና ትርፍ አይደለም፤ መጀመሪያ ቋሚ ወጪውን መሸፈን አለበት። 8,000ን ለ40 ስታካፍይ 200 ይመጣል። ብሬክ ኢቭን የምትሉት ነጥብ ይኸው ነው። በወሩ 200ኛው ቲሸርት እስኪሸጥ ድረስ ወንድምሽ የሚሠራው ለኪራዩና ለማሽኑ ነው።

«ገበያ እንዲበዛ ዋጋ ልቀንስ» ቢልሽስ? 10 በመቶ ቢቀንስ ዋጋው 90 ይሆናል። ለጆሮ ትንሽ ነው። ከአንዱ የሚተርፈው ግን ከ40 ወደ 30 ይወርዳል፣ ማለትም ሩቡ ይሄዳል። እዚያው ነጥብ ላይ ለመድረስ አሁን 267 ቲሸርት መሸጥ አለበት። ዋጋ በአሥር በመቶ ወርዶ የሚፈለገው ሽያጭ በሲሶ አደገ። ቅናሽ ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ዋጋው ሲወርድ የገዢው ቁጥር በዚያ ልክ ይጨምራል ወይ የሚለው ነው ወሳኙ። የፍላጎት ምዕራፍ ላይ ኢላስቲሲቲ ብለሽ የሸመደድሽው ቃል እዚህ ጋ ነው ሥራ የሚይዘው።

አሁን ወደ ዋናው ህመም እንምጣ። በአንድ ወር 250 ሸጠ እንበል፣ በድሮው ዋጋ በ100። ገቢው 25,000፣ ጠቅላላ ወጪው 23,000፣ ትርፉ 2,000። ጥሩ ወር ነው። ነገር ግን ከ250ው መቶውን ለአንድ ድርጅት በዱቤ ሰጥቷል፤ ክፍያው የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ እጁ የገባው 15,000 ብቻ ነው። የቲሸርቱና የቀለሙ ነጋዴዎች ግን እጅ በእጅ ይፈልጋሉ፣ አከራዩም አይጠብቅም። 23,000 መክፈል አለበት። ወረቀቱ ላይ 2,000 ያተረፈ ሰው ኪሱ ውስጥ 8,000 ጎደለበት!

ትርፍና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ሲባል እንዲህ ነው። ደግሞ ልብ በዪ፣ የዱቤ ትዕዛዙ ባደገ ቁጥር ጉድለቱም ያድጋል። ገበያ እየደራላቸው የሚዘጉ ድርጅቶች ያሉት ለዚህ ነው። የወንድምሽ ችግር ይህ ነው ብዬ ከሩቅ መፍረድ አልችልም፣ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ስንት ሰው ጋ ገንዘብ አለው? ለምን ያህል ጊዜ? ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይችላል? ከአቅራቢዎቹ የክፍያ ጊዜ ማግኘትስ? ዛሬ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና ቁጥሮቹን በእውነተኞቹ ተኩ።

ፈተና ላይም መንገዱ ያው ነው። ጥያቄውን አንብበሽ ቶሎ ወደ ትርጉም አትሩጪ። ወሳኙ ማን እንደሆነ፣ በምን መካከል እንደሚመርጥ፣ ውሳኔው የትኛውን ቁጥር እንደሚቀይር ፈልጊ። ቃሉ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ወደ ሥራው ጉዳይ ስንመጣ፣ «ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ አባከንኩ» የሚለው ስሜት ውሳኔሽ ውስጥ እንዳይገባ እፈልጋለሁ። ያለፈው ሁለት ዓመት ሰንክ ኮስት ነው። ብትማሪም ብትሠሪም አይመለስም፣ ስለዚህ ለየትኛውም ወገን አይመሰክርም። መንግሥታትም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ብሪታንያና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥነውን ኮንኮርድ አውሮፕላን አብረው ለመሥራት የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ወጪው ከታሰበው በብዙ እጥፍ አሻቀበ፣ ሊገዙ የነበሩ አየር መንገዶችም አንድ በአንድ ሸሹ። ሥራው ግን ቀጠለ። በመጨረሻ ከሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች በቀር የገዛው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከበረራ ወጣ። ለወጣው ገንዘብ ሲሉ ሌላ ገንዘብ ማውጣት እስከ ዛሬ በዚህ አውሮፕላን ስም ይጠራል።

መቁጠር ያለብሽ ከዛሬ በኋላ ያለውን ነው። ኦፖርቹኒቲ ኮስት የተውሻቸው አማራጮች ሁሉ ድምር አይደለም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ይስታል። ከተውሻቸው መካከል የተሻለው የአንዱ ዋጋ ነው። መማርን ከመረጥሽ ዋጋው ገና የምትከፍይው ክፍያና የምታጪው ደመወዝ ነው። ሥራውን ከመረጥሽ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውና እሱ የሚከፍታቸው በሮች ይዘገያሉ፣ ምናልባትም ይቀራሉ። ስለ ሥራው አንድ ነገር አጣሪ፦ ደመወዙ ቋሚ ነው ወይስ በኮሚሽን? በኮሚሽን ብቻ ከሆነ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጉዳቱን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ድርጅቱ ያንቺን ደመወዝ ከቋሚ ወጪ ወደ ተለዋዋጭ ወጪ አዛውሮታል ማለት ነው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ትምህርቱን ሙሉ ለሙሉ አትተዪው። ምክንያቴ ይህ ነው። ማይክል ስፔንስ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ዲግሪን እንደ ምልክት አየው። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ቀድሞ ማየት አይችልም፣ ስለዚህ በቀላሉ የማይገኝ ምልክት ይፈልጋል። ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከዚህ ሥራ ጋር በተያያዘ ነው። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚለው የሲቪ መስመር ለምን እንደማይሠራ ከዚህ ይገባሻል። ማንም በነፃ ሊጽፈው ይችላል።

ዲግሪ ግን ብቸኛው ምልክት አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይ በጠያቂነት በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ትርፍ ምንድን ነው ሲባል የማይመልስ አመልካች አላጋጠመኝም። አትራፊ ድርጅት ለምን ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል ሲባል ግን አብዛኛው ዝም ይላል። የወንድምሽን ሥራ በአንድ ገጽ ሠርተሽ ከያዝሽ፣ ዋጋው፣ ወጪው፣ ዱቤው፣ የመከርሽውና የሆነው፣ ዝም ከሚሉት አትሆኚም። የባንክ ብድር ክፍል ይህን ይፈልጋል፣ ተበዳሪው የሚከፍለው በእጁ ባለው ገንዘብ ነውና። ግዢ ክፍልም፣ ሽያጭም እንደዚሁ።

ለቀጣሪው ምላሽ ከመስጠትሽ በፊት ሁለት ቦታ ሂጂ። ትምህርት ቤቱን የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር እንዳለው፣ ለአንድ ዓመት አቋርጦ መመለስም ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ቀጣሪውን ደግሞ በግማሽ ቀን መጀመር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ምርጫሽ ከባድ ነው፤ ያኔ የደመወዙን ዓይነትና የቀረሽን የትምህርት ክፍያ ይዘሽ እንደገና ጻፊልኝ፣ ቁጥር በቁጥር እናየዋለን።