ጥያቄና መልስ፦ የ2025 የሚኒሶታ ምክር ቤት፣ ስንት ነበሩ? ማን መራው?

ቆጣሪው፦ ጥያቄ ክፍት ነው። ርዕሱ 94ኛው የሚኒሶታ ሕግ አውጪ፣ የ2025 ጉባኤ ብቻ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ «ዴሞክራት ስንት፣ ሪፐብሊካን ስንት» የሚል ሰው ቀን ይጥቀስ። ዘመኑም ወሩም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጥር ስል ጃንዋሪ ማለቴ ነው።

የብሩክሊን ፓርኩ፦ ጋሼ ቆጣሪው፣ ጤና ይስጥልኝ። አብላጫው የማን ነበር?

ቆጣሪው፦ የትኛው ምክር ቤት? በየትኛው ቀን? ገና ከመጀመሪያው!

የብሩክሊን ፓርኩ፦ ይቅርታ ጋሼ። የታችኛው፣ በተከፈተበት ዕለት።

ቆጣሪው፦ አሁን ተግባባን። የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫ 134 ነው። የኅዳር 2024 ምርጫ 67 ለ67 አወጣ። ታኅሣሥ ላይ ግን የራምዚ ካውንቲ ዳኛ በሮዝቪል በኩል (የምርጫ ክልል 40ቢ) ያሸነፉት ዴሞክራቱ ከርቲስ ጆንሰን በክልሉ አልኖሩም ብሎ ፈረደ። ሕገ መንግሥቱ ከምርጫው በፊት ስድስት ወር በክልሉ መኖርን ይጠይቃል፤ አፓርትመንት መከራየት ብቻውን መኖር አይባልም። ስለዚህ ጥር 14 ቀን 2025 ሲከፈት 67 ሪፐብሊካን፣ 66 ዴሞክራት፣ አንድ ባዶ ወንበር ነበር።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቁጥር አለ፤ አታደባልቁ። የመቀመጫው ብዛት 134፣ በዚያ ቀን አባል የነበሩት 133፣ አዳራሽ የገቡት ደግሞ 67። ዴሞክራቶቹ ሆን ብለው ቀሩ። ሪፐብሊካኖቹ «የ133 አብላጫ 67 ነው፣ ሞልቶናል» አሉ። ስብሰባውን የሚከፍቱት የስቴቱ ዋና ጸሐፊ ስቲቭ ሳይመን ግን «የ134 አብላጫ 68 ነው፣ ምልዓተ ጉባኤ (ለስብሰባ የሚበቃ ቁጥር) የለም» ብለው በተኑት። ሪፐብሊካኖቹ እዚያው ቀጥለው ሊሳ ዴሙትን አፈ ጉባኤ አድርገው መረጡ። ጥር 24 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 68 ነው አለ፤ ያ ምርጫም፣ እነዚያ ቀናት ሁሉ የተሠራውም ውድቅ ሆነ።

ሸገር፦ እኛም አገር እኮ ይኸው ጥያቄ አለ። ከ547 ወንበር የትግራይ 38ቱ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ምርጫ አልተሞሉም። ግማሹ ከምን ይቆጠራል?

ወሎዬው፦ ምኑ ያከራክራል? ሕገ መንግሥቱ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ነው የሚለው። ያልተመረጠ ሰው አባል አይደለም።

ሸገር፦ የሚኒሶታ ሪፐብሊካኖችም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ተሸነፉ!

ወሎዬው፦ የእነሱ ፍርድ ቤት እዚህ ምን አገባው?

ቆጣሪው፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ጨርሱት። ወደ ሚኒሶታ።

እቴሜቴ፦ ታዲያ ዴሙት እንዴት አፈ ጉባኤ ሆኑ?

ቆጣሪው፦ በስምምነት፣ የካቲት 6። ዴሞክራቶቹ ገቡ፣ ዴሙት ለሁለቱም ዓመት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ ሪፐብሊካን ሴትም ጥቁርም ሆኖ በዚያ ወንበር ሲቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። በልዋጩ ሪፐብሊካኖቹ የሻኮፒው ዴሞክራት ብራድ ታብኪ ከወንበራቸው እንዳይነሱ ተስማሙ። እሳቸው ያሸነፉት በጠባብ ልዩነት ነበር፤ የጠፉት 20 ቀድመው የተሰጡ ድምፆች ከልዩነቱ ይበልጡ ነበር። ማርች 11 በ40ቢ ማሟያ ምርጫ ዴሞክራቱ ዴቪድ ጎትፍሪድ ሲያሸንፉ ቤቱ 67 ለ67 ሆነና ኮሚቴዎቹ እኩል ተከፈሉ፤ ሁለት ሁለት ሰብሳቢ፣ የሰብሳቢነቱን መዶሻ ተራ በተራ እየያዙ። ያልተከፈለው የማጭበርበር መከላከያው ኮሚቴ ብቻ ነው፤ እሱ በሪፐብሊካኗ ክሪስቲን ሮቢንስ ሰብሳቢነት ቀረ።

እኩል ኮሚቴ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ድምፅ እኩል ከተከፈለ ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው። ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ የለውም። ረቂቁ እዚያው ያድራል።

የሴንት ፖሉ፦ ማሟያው ምርጫ ለምን እስከ ማርች ዘገየ?

ቆጣሪው፦ አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ ጥር 28 ብለው ጠርተውት ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥሪው ያለ ጊዜው ነው ብሎ ሰረዘው።

ገበሬው፦ ሴኔቱስ?

ቆጣሪው፦ 67 መቀመጫ፣ ሕግ ማሳለፊያው 34። ዴሞክራቷ ካሪ ጄዚክ በታኅሣሥ ስላረፉ 33 ለ33 ተከፈተ፤ ፕሬዚዳንትም ሁለት ነበረው፣ ቦቢ ጆ ቻምፒየንና ጀረሚ ሚለር። ጥር 28 ዶሮን ክላርክ ሲመረጡ 34 ለ33 ዴሞክራት። ማርች ላይ ሪፐብሊካኑ ጀስቲን አይኮርን ታስረው ወንበራቸውን ለቀቁ፣ ኤፕሪል 29 ኬሪ ሃይንትዝማን ተኳቸው። የአብላጫው መሪ ኤሪን መርፊ፣ የአናሳው ማርክ ጆንሰን። በቃ።

ማማ ዝናሽ፦ ልጄ፣ እኔ ያልገባኝ የሕክምናው ነው። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች መድን እንዴት ተሰረዘ፣ ቤቱ እኩል ለእኩል ከሆነ?

ቆጣሪው፦ እማማ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። መደበኛው ጉባኤ ሜይ 19 ሲያልቅ በጀቱ አላለቀም ነበር፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። ልዩ ጉባኤ መጥራት የሚችለው አገረ ገዥው ብቻ ነው። ዋልዝ፣ ዴሙት፣ የዴሞክራቶቹ መሪ ሜሊሳ ሆርትማንና መርፊ ተደራደሩ፤ ሪፐብሊካኖቹ ለበጀቱ ዋጋ አድርገው የጠየቁት ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች በሚኒሶታኬር (በስቴቱ የጤና መድን) የሚያገኙት ሽፋን እንዲቆም ነበር። ጁን 9 በታችኛው ቤት ድምፅ ሲሰጥ 68 ለ65 አለፈ። ቁጥሩን እዩት እማማ፦ ሪፐብሊካን 67፣ ከዴሞክራት አንድ፣ እሷም ሆርትማን። ረቂቅ ሕግ የሚያልፈው በአዳራሹ ካሉት ሰዎች አብላጫ ሳይሆን በ68 ነው፤ አንድም ቢጎድል ወድቋል። ለአዋቂዎች ሽፋኑ የቆመው በ2025 መጨረሻ ነው፤ የልጆች አልተነካም።

የብሩክሊን ፓርኩ፦ ሆርትማንስ ከዚያ በኋላ…

ቆጣሪው፦ ጁን 14 ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ሴናተር ጆን ሆፍማንና ባለቤታቸው ቆሰሉ። ነፍስ ይማር። ለቆጠራው፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ 67 ለ66፤ ሴፕቴምበር 16 ኤክስፒ ሊ በሆርትማን የምርጫ ክልል 34ቢ ሲመረጡ እንደገና 67 ለ67። ስለ ወንጀሉ ሌላ አልመልስም።

ተማሪው፦ አንድን ረቂቅ ሕግ እንዴት እከታተላለሁ?

ቆጣሪው፦ መንታ ቁጥር አለው። በታችኛው ቤት «ኤችኤፍ»፣ በሴኔት «ኤስኤፍ»፤ ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም። ሁለቱንም ጻፍ። ብዙ ሰው ኤችኤፉን ብቻ ይዞ ወሩን ሙሉ «አልተንቀሳቀሰም» ይላል፤ ያለፈው ግን ኤስኤፉ ነው። ኮሚቴ ፊት መናገር ከፈለግህ ለኮሚቴው አስተዳዳሪ አስቀድመህ ጻፍ፦ ስም፣ የረቂቁ ቁጥር፣ ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ። በ2025 ሰብሳቢው ሁለት ስለነበር የዕለቱን መዶሻ የያዘው ማን እንደሆነ ከአጀንዳው ላይ አይተህ ነው።

ገበሬው፦ ዋልዝ ውድቅ ያደረጉትን መሻር ይችሉ ነበር?

ቆጣሪው፦ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ በታችኛው 90፣ በሴኔት 45። በዚያ ቤት የማይታሰብ ነው።

ሸገር፦ እኩል ለእኩል ከዚያ በፊት ሆኖ ያውቃል?

ቆጣሪው፦ 1979። ያኔም አፈ ጉባኤነቱን የወሰዱት በሪፐብሊካኑ በኩል ያሉት ሮድ ሰርል ነበሩ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በአጭሩ አብላጫው የማን ነበር?

ቆጣሪው፦ ቀን!