ጥያቄና መልስ፦ ሮኬት በሻንጣ

ስለ ትንንሽ የካርቶን ሮኬቶች ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። የጅማ ዝናብ ሰውን ቤት አስቀምጦት ይሆናል። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ለማስተርስ ወደ አሜሪካ እሄዳለሁ። እዚያ የከፍተኛ ጉልበት ሮኬት የደረጃ አንድ ሰርተፊኬት መውሰድ እፈልጋለሁ። ባለ ፋይበርግላስ፣ በኤሌክትሮኒክስ ሁለት ፓራሹት የሚከፍት ሮኬት አይቼ ልቤ ሄዷል። ምን ትመክረኛለህ? (ከኪቶ ፉርዲሳ)

መልስ፦ ልብህን ጥራውና ይመለስ። ሰርተፊኬቱን የሚሰጡት ናር እና ትሪፖሊ የሚባሉ ማኅበራት ናቸው። ደረጃ አንድ ላይ የሚፈልጉብህ ነገር ብዙ አይደለም። ራስህ የሠራኸውን ሮኬት በኤች ወይም በአይ ሞተር ታስወነጭፋለህ (ሞተሮቹ እንደ ጉልበታቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመደቡት)፤ ፓራሹቱ ይከፈታል፤ ሮኬቱ ሳይሰበር፣ ሞተሩም ሳይወድቅ ይመለሳል። ስንት ሜትር ወጣ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ታዲያ ለምን ሁለት ፓራሹት? ሽቦ በጨመርክ ቁጥር የሚበላሽ ነገር ጨመርክ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነው የምይዘው። ስፋቱ 10 ሴንቲ፣ ቁመቱ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክንፉ ኮምፔርሳቶ። ክንፉን ቱቦው ላይ ከውጭ ብቻ እንዳትለጥፈው። ቱቦውን ሰንጥቀህ አስገባውና ውስጥ ካለው የሞተር ቱቦ ጋር በኢፖክሲ አጣብቀው። ሲያርፍ መሬት የሚመታው ብዙ ጊዜ ክንፉ ነው። ከውጭ ብቻ የተለጠፈ ክንፍ እዚያው ሜዳው ላይ ተገንጥሎ ይቀራል።

ሞተር ላይ ፊደሉ አንድ ባለፈ ቁጥር የጠቅላላ ጉልበቱ (ግፊቱ በሚቆይበት ሰከንድ ሲባዛ) ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ኤች እስከ 320 ኒውተን ሰከንድ ነው፤ አይ እስከ 640። በኤች ጀምር። ኤች128 የሚል ካየህ አማካይ ግፊቱ 128 ኒውተን ነው ማለት ነው። ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሮኬት ክብደቱ ወደ 15 ኒውተን ይጠጋል። ግፊቱ ከክብደቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን ይባላል፤ ይሄ ከ8 እጥፍ በላይ ነው፣ ይበቃሃል። ሞተሩን እዚያው ትገዛለህ። አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም አይጫንም፣ እንዳትሞክረው። አካሉን ግን እዚሁ ሠርተህ መሄድ ትችላለህ። ሜትር ተኩል ቱቦ ሻንጣ ስለማይገባ ለሁለት ቆርጠህ በማያያዣ ቱቦ እንዲገጣጠም አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው በሞተር አይደለም። የናይለን ፓራሹቱን ማታውኑ አጥፌ፣ ጠቅጥቄ አሳደርኩት። ጠዋት ብርድ ነበር። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ አፍንጫው ተከፈተ፣ ፓራሹቱ ግን እንደተጠቀለለ እንጀራ ከኋላው እየተንጠለጠለ ወረደ። ቱቦው እስከ ግማሹ ተጨራመተ። አሁን የማጥፈው ጠዋት፣ ሜዳው ላይ ነው። እንዳይጣበቅም የሕፃን ፓውደር እነሰንስበታለሁ።

ጥያቄ፦ በርጩማ ሠሪ ነኝ። የእህቴ ልጅ ኮምፔርሳቶ አምጥቶ ክንፍ ቁረጥልኝ ይላል። ሦስት ይሻላል አራት? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የጅማን በርጩማ የሚሠራ ሰው ስለ ሦስት እኔን ይጠይቃል? ሦስት ይበቃል። በርጩማው ሦስት እግር ያለው ወጣ ገባ መሬት ላይ እንዳይወዛወዝ ነው፤ ሮኬቱ ግን ከኋላ ክብደት እንዳይበዛበት ነው። የላይኛው ሽፋን ጅማቱ ከቱቦው ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርገው ይቁረጡት፤ በቱቦው ቁመት ከሄደ ክንፉ ቶሎ ይሰበራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቫርኒሽ ይቀቡት። በዚህ እርጥበት ያልተቀባ ኮምፔርሳቶ እንደሚያብጥ ለእርስዎ አልነግርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ጓሮ ውስጥ የሮኬት ነዳጅ እቀምማለሁ እያለ አስቸግሮኛል። ልከልክለው ወይስ ጉጉቱን እገድለዋለሁ? (ከጅሬን)

መልስ፦ እትዬ፣ ይከልክሉት፤ ዛሬውኑ። ቤት ውስጥ ነዳጅ ሲቀምሙ ጣትና ዓይን ያጡ ሰዎች አሉ። ለደረጃ አንድም ቢሆን የሚፈቀደው ተፈትሾ የጸደቀ የፋብሪካ ሞተር ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ «ለሰርተፊኬት ነው» ቢልዎት አይመኑት።

ጉጉቱን ግን አይግደሉት። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን ውኃ ይሙላ፤ በቡሽ ይድፈነው፤ በብስክሌት ፓምፕ አየር ይሙላበት። ሲለቀው ውኃው ወደ ታች፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ። ክንፍና አፍንጫ ከካርቶን ይሥራለት። ከላዩ ላይ እንዳያጎነብስ ብቻ ይንገሩት። እርስዎም ይርጠቡ፣ ምን ችግር አለው።

ጥያቄ፦ የሮኬትን በረራ አስቀድሞ በሚያሰላው ኦፕንሮኬት በሚባለው ፕሮግራም ላይ የባሕር ጠለልን ትቼ የጅማን ከፍታ ሳስገባ ሮኬቴ ይበልጥ ይወጣል። ፕሮግራሙ ተሳስቷል?

መልስ፦ አልተሳሳተም። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ 15 በመቶ ይሳሳል፤ ስለዚህ ሮኬቱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ደስ ብሎህ እዚህ አታቁም። ፓራሹቱንም የሚይዘው ያው ስስ አየር ነው። ባሕር ጠለል ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚወርድ ሮኬት እዚህ 5.4 ገደማ ይሆናል። ፓራሹቱን ትንሽ አስፋው። የምታስወነጭፈው ሌላ አገር ከሆነ ደግሞ የዚያን ቦታ ከፍታ አስገባ።

ጥያቄ፦ ሮኬቴ ወጥቶ እንደማይገለበጥ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሞተሩንም ፓራሹቱንም ከተህ ሙሉ ሮኬቱን በገመድ አንጠልጥል። አግድም ቀጥ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ኦፕንሮኬት ደግሞ የአየሩ ግፊት የሚያርፍበትን ነጥብ ይሰጥሃል። ምልክትህ ከዚያ ነጥብ ወደ አፍንጫው በኩል ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል መቅደም አለበት። ካልቀደመ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምር።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ጥሩ ገላጣ ሜዳ አለ። እዚያ ትንሿን ሮኬት ብሞክር?

መልስ፦ አይሆንም። አባ ሰጉድ ላይ ሊያርፍ የሚመጣው አውሮፕላን ውስጥ እኔ ልኖር እችላለሁ።