የማንን ውሳኔ ነው የምትጠብቁት?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች መጀመሪያ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ከባለቤትሽ ጋር ቦሎኛ 11 ዓመት ኖራችኋል። አንቺ አሮጊት የምትጠብቂ ባዳንቴ ነበርሽ፣ እሱ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሁለታችሁም የጣልያን የረጅም ጊዜ ነዋሪ ካርድ አላችሁ። ልጃችሁ እዚያው አድጎ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ከ10 ወር በፊት እህትሽ ወደምትኖርበት የደቡብ ጀርመን ከተማ ተሻገራችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ አስገባችሁ፣ ጊዜያዊ ወረቀት ተሰጣችሁ፣ ወረቀቱ ሁለቴ ታደሰ፣ ውሳኔ ግን የለም። በጊዜያዊው ወረቀት መሥራት ስለማይቻል ቁጠባችሁ እያለቀ ነው። ባለቤትሽ ሌላ ሰው ሆኗል። አይስቅም፣ አያወራም። ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን በነጠላ ጫማ ወርዶ የፖስታ ሣጥኑን ከፍቶ ያያል፣ ይወጣል፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ከመሥሪያ ቤት የሚላከው ቢጫ ፖስታ የመጣ ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ "ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ባሌን እንዴት አድርጌ ላረጋጋው?"

ጥያቄሽ ገብቶኛል። ግን ደስ የማይልሽን ነገር ልናገር ነውና ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ ውስጥ "ውሳኔ" የሚለው ቃል 9 ጊዜ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ዘጠኙም የቢሮው ውሳኔ ነው። የእናንተስ ውሳኔ የት አለ? ጣልያንን ለቃችሁ እንድትሄዱ ማን አሰበ? ማን አመነታ? ስንት ቀን ተነጋገራችሁበት? ስለዚህ አንድም መስመር የለም። "መጣን" ነው የምትይው፣ ዝናብ እንደመጣ ዓይነት። አንድ ቦታ ብቻ፣ ስለ ቤት ኪራይ እያወራሽ ሳለ፣ እንዲህ የምትል ነገር አመለጠችሽ፦ "ጣልያን ይብቃን ስለው እሺ ብሎኝ ነበር እኮ፣ አሁን ምን ነካው?"

እዚች ጋ ስደርስ ቆምኩ። በኛ ቋንቋ እሺ ብዙ ነገር ነው። ተስማምቻለሁ ነው፣ ደክሞኛል ነው፣ ካንቺ ጋር መጣላት አልፈልግም ነው፣ አንዳንዴም ለአንቺ ስል ነው። የእሱ እሺ የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ የጠየቅሽው አይመስለኝም።

ሌላም ነገር ጽፈሻል፣ እንደ ስሞታ። ከቦሎኛ ያመጣት ሞካ፣ እሳት ላይ የምትጣድ የቡና ማፍያ፣ አለች፣ እጀታዋ በእሳት የቀለጠ። አዲስ የቡና ማሽን ገዝተሽለት አልነካውም። በየጠዋቱ በዚያችው ሞካ አፍልቶ፣ ወንበር እያለ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጠጣል። "ግትር ነው" አልሽ። እኔ ግን ያየሁት ሐዘን ነው። ጣልያን አገር ቡና የሚጠጣው ቡና ቤት ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ነው፣ ይህን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች ነበሩ። ጣልያንኛው እንደ ውኃ ነበር ብለሻል፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ኳስ ሲከራከር ሰዓት ይረሳ ነበር። አሁን ዳቦ ቤት ገብቶ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። 11 ዓመት ጠዋት ተነስቶ ሥራ የገባ ሰው ዛሬ ያለው ቀጠሮ ከፖስተኛው ጋር ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ሥርዓት አለው። መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ኑሮ ይመለሳሉ። መርዶ ካልተነገረ ግን ይህ ሁሉ የለም። ልጃቸው ዘምቶ የቀረባቸውን ወላጆች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሞቷል ተብለው ሐዘን አይቀመጡ፣ አለ ብለው አርፈው አይተኙ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በ1970ዎቹ ይህንኑ ነገር በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ባልታወቀ አብራሪዎች ሚስቶች ላይ አጥንተው፣ ቁርጡ ያልታወቀ እጦት ብለን ልንጠራው የምንችል ስም ሰጥተውታል። በኋላም ሐሳቡ አገሩን ለለቀቀ ሰው ጭምር እንደሚሠራ ጽፈዋል።

የባለቤትሽ ቦሎኛ መርዶዋ አልተነገረም። እናንተ ቤት "እየጠበቅን ነው" እንጂ "አጣን" ማለት አይቻልም። እና ደረጃውን ሲወርድ የሚጠብቀው ፈቃዱን ብቻ ነው ወይ? እኔ እንደምጠረጥረው እምቢታውንም ይጠብቃል። እምቢ ከተባለ ወደ ቦሎኛ መመለስ አለ። ይህን ለራሱ እንኳን ጮክ ብሎ አላለው ይሆናል፣ ምክንያቱም እንዲህ መመኘት አንቺን እንደመክዳት ይቆጠርበታል። ሁለቱንም የሚፈራ፣ ሁለቱንም ደግሞ የሚመኝ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሰውየውን አላየሁትም። ግን ያንን ሰው "ታገስ፣ ይመጣል" ስትይው ሐዘኑ ላይ ክዳን እየደፋሽበት ነው።

አንቺም ብትሆኚ ቀላል አይደለም ያለፍሽው። ሌሊቱን የሰው እናት አልጋ አጠገብ እያደርሽ፣ ልጅሽን የሚያስተኛው አባቱ ሆኖ፣ ስንት ዓመት። እህትሽ አጠገብ ለመኖር መፈለግሽ ነውር የለበትም፣ ሐሳቡም መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ነገር ግን "ይብቃን ያልኩት እኔ ነኝ" ብለሽ ከተናገርሽ፣ እምቢታው የመጣ ቀን ጥፋቱ እኔ ላይ ይወድቃል ብለሽ የምትፈሪ ይመስለኛል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የቢሮው ሆኖ ቢቆይ ይሻልሻል። ባልሽ ደግሞ ይህን ዝምታሽን "የኔ ነገር አልታያትም" ብሎ የሚያነበው ከሆነስ?

ስለ ልጁ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፦ "እሱ ደህና ነው፣ ደብዳቤም የሚያነብልን እሱ ነው።" እህቴ፣ ይሄ ደህና መሆን አይደለም። ጀርመንኛውን ከሁላችሁ ቀድሞ ስለያዘ የወላጆቹን ዕጣ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ሆኗል። ፖስታው ሲቀደድ ሁለታችሁም የምታዩት የእሱን ፊት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ክፉ ወሬ ለእናቱ እንዴት ለስልሶ እንደሚነገር ማሰብ የለበትም። ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን እህትሽ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ያንብብላችሁ።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ከሩቅ ሆኜ ብዙ አልደፍርም። አንድ ቀን ከቤት ውጡ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ በእግራችሁ። ስለ ወረቀት አታንሺ። "ይብቃን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ እሺ ስትለኝ በልብህ ምን ነበር?" በይው። ከዚያ አትከራከሪ፣ አታስረጂ። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ምንም አይልሽም። ይሁን። ሌላ ቀን ይመለስበታል።

"ጣልያንን አቃጥለን መጣን" ብለሽ ነበር። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይሄ በደንብ መጣራት አለበት። ካርዳችሁ የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪ ካርድ ከሆነ፣ በሌላ የኅብረቱ አገር 10 ወር ስለተቀመጣችሁ ብቻ አይቃጠልም፤ ደንቡ የሚያነሳው ከኅብረቱ ውጭ 12 ተከታታይ ወር መቆየትን ወይም ካርዱን ከሰጠው አገር 6 ዓመት መራቅን ነው። ካርዳችሁን ይዛችሁ ካሪታስ ወይም ዲያኮኒ ወደሚባሉት የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ምክሩ በነጻ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን ካወቃችሁ መቆየትም መመለስም እንደገና የእናንተ ጉዳይ ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ለባልሽ ከማንኛውም ማጽናኛ ይበልጥበታል ብዬ አስባለሁ።

እንቅልፍ አጥቶ ከሆነ ወይም ምግብ ከቀነሰ የቤተሰብ ሐኪም ይየው፣ አትዘግዩ። ለሁለታችሁም ፊት ለፊት የሚያነጋግራችሁ አማካሪ ብታገኙ በጣም ደስ ይለኛል። በአማርኛ የግድ ላይገኝ ይችላል። ግን በጣልያንኛ ፈልጉ፤ ጀርመን ውስጥ ብዙ ጣልያኖች አሉ፣ በቋንቋቸው የሚያማክር ባለሙያም ይገኛል። ባልሽ እንደ ልቡ በሚያወራበት ቋንቋ ቢናገር ምን እንደሚል አንቺም መስማት አለብሽ።

ከእሱ ጋር በእግራችሁ የወጣችሁ ዕለት ጻፊልኝ፣ ቢጫው ፖስታ ባይመጣም።