የግንዱ ቤት እንዴት ሳይበሰብስ ቆየ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ቼሪ ክሪክ ወንዝ ዳር፣ በዘመናዊ ሰፈር መሃል፣ ፎር ማይል ሃውስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1859 የተሠራ የግንድ ቤት አለ። እንጨት እንዴት ይህን ሁሉ ዘመን ይቆያል? ግንዶቹ እየተቀየሩ ከሆነስ አሁንም ጥንታዊ ይባላል?

መልስ፦ ዴንቨር ውስጥ ቆመው ካሉት ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ይኸው ነው። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፣ አስቡት! ከመሃል ከተማ 4 ማይል ያህል ስለሚርቅ፣ በሠረገላ የሚመጡ መንገደኞች ከተማ ከመግባታቸው በፊት የሚያርፉበት ቤት ነበር። በ1870 ባቡር ሲመጣ የሠረገላው ገበያ ሞተ። ሌላ ቤት ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃለት ነበር። ባለቤቶቹ፣ ቡዝ የሚባሉት ባልና ሚስት፣ ግን ወደ እርሻ ዞሩ፤ በ1880ዎቹ ደግሞ የጡብ ክፍል ቀጠሉበት። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰው አልተለየውም። ባዶ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያይለታል?

እንጨቱን በተመለከተ፣ እንጨት ስላረጀ ብቻ አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፣ እሱም ያለ እርጥበት አይኖርም። የታችኛው ግንድ ከመሬት ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ካረፈ፣ የጣሪያው ክፈፍም ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ካራቀ፣ ቤቱ ብዙ ይኖራል። የኮሎራዶ ደረቅ አየርም ያግዛል። ደግሞ በዚያ ዘመን ብዙ ሰፋሪዎች ትንሽ ገንዘብ ሲይዙ፣ ቤታቸው የድሃ ጎጆ እንዳይመስል ብለው ግንዱን በጣውላ ይሸፍኑት ነበር፤ ሳያስቡት ከዝናብ አዳኑት። አሜሪካ ውስጥ ተራ ቤት መስለው ኖረው፣ ለእድሳት ጣውላቸው ሲነሳ ግንድ ብቅ ያለባቸው ቤቶች አሉ።

በጣም የሚያናድደኝ በግንዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መድፈን ነው። ግንድ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል፣ ውሃ ያስገባል፣ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ለአሮጌ ቤት ኖራና አሸዋ ይሻላል።

የተቀየሩ ግንዶችስ? ጥሩ ጠጋኝ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይተካል፣ የተካውንም ይመዘግባል። በዚህ ቤቱ ሐሰተኛ አይሆንም። ፈርሶ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ግንድ የተሠራ ከሆነ ግን ቅጂ ነው፣ ለጎብኚውም በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ክርክር ከተነሳ፣ የግንዱን የዓመት ቀለበቶች መርምረው ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ።

ቤቱን ከተማው በ1970ዎቹ ገዝቶ ሙዚየም አድርጎታል። ቅርብዎ ነውና ይሂዱ፤ የግንዱ ሥራ የት አብቅቶ የጡቡ የት እንደሚጀምር ጠይቀው ይዩ።