መልስ፦ መጨረሻው እየታወቀ ለምን ልብ ይሰቅላል?

«ደ ጎል እንዳልተገደሉ እያወቅሁ ‹ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል› እንዴት ሊያጓጓኝ ይችላል?» ላልከው፦ ልብ ወለዱ የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ፣ «ጃካል» በሚል የምስጢር ስም ስለሚጠራ ነፍሰ ገዳይ ነው። የሚያጓጓው «ይገድላቸው ይሆን?» የሚለው ሳይሆን «በምን ዘዴ ይጠጋቸዋል? ማንስ ይደርስበታል?» የሚለው ነው።

ፓስፖርት የሚያወጣበትን ቦታ ቀስ ብለህ አንብብ። ነፍሰ ገዳዩ መቃብር ቦታ ሄዶ፣ በሕይወት ቢኖር እኩያው ይሆን የነበረ፣ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ይፈልጋል። በዚያ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣና ፓስፖርት ያመለክታል። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ፤ ተራ የቢሮ ጉዳይ ነው። ግን እጅህ ላይ ላብ ያመጣል! በሌላ ወገን መርማሪው ሌቤል ትክክለኛ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው ለመያዝ ያሳድዳል። አንተ ሁለቱንም ታያለህ፤ እነሱ ግን አይተያዩም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ከማንኛውም የመኪና ማሳደድ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። መጽሐፉ የሚከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1962 በፓሪስ አቅራቢያ በደ ጎል ላይ የተደረገውን እውነተኛ የግድያ ሙከራ የመራው ሰው በመጋቢት 1963 ሲረሸን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጃካል የደራሲው ፈጠራ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው እንደ ታሪክ ሲከራከሩ የሰማኋቸው አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከጨረስክ በኋላ የዘመኑን ታሪክ ለብቻው አንብብ።