ፉድ ባንክ ጅማ ላይ ይሠራል ወይ ላልከው

«የአሜሪካ ፉድ ባንኮች ምግቡን ከየት ያመጡታል? ጅማ ላይስ ይቻላል?» ብለሃል ወንድሜ።

ፉድ ባንክ ለተቸገሩ ሰዎች የሚሆን ምግብ የሚሰበስብ ድርጅት ነው፤ አብዛኛው ምግብም ሊጣል የነበረ ነው። የመጀመሪያውን ፉድ ባንክ ጆን ቫን ሄንግል እ.ኤ.አ. በ1967 አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ ከፈተው። ዛሬ ፊዲንግ አሜሪካ በሚባለው መረብ ሥር 200 ገደማ አሉ። አንድ ትልቅ ፉድ ባንክ በአብዛኛው ራሱ አያድልም። ሥራው መጋዘን፣ ማቀዝቀዣና የጭነት መኪና ነው። ከፋብሪካ፣ ከሱፐርማርኬትና ከገበሬ ይሰበስባል፣ ይለያል፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያናት፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሰፈር ማዕከላት ይልካል። ቤተሰቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ! ለሰጪው ድርጅት ደግሞ የግብር ቅናሽ አለው፤ ነገሩ በጽድቅ ብቻ አይሄድም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሄርማታ ገበያ ማታ ላይ የሚቀረውን አቮካዶና ሙዝ ታውቀዋለህ። አንዴ ከለሰለሰ ግን አይጠብቅህም፤ ያለ ማቀዝቀዣ ጣጣ ነው። እኔ ብሆን በበቆሎ እጀምራለሁ። የጅማን ዝናብ ግን እንዳትረሳ! በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝም ያመጣል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ወርዶ፣ ፒክስ በሚሉት ባለ 3 ንብርብር ከረጢት ከታሰረ ግን ለወራት ይቆያል። ነቀዙም አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት የለም።

ማከፋፈሉን ለእድሮች ስጡ። የማን ቤት ምጣድ ሳይጣድ እንደሚያድር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ገቢና ወጪው መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የመጋዘኑ ቁልፍም አንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን።